የወር አስቤዛ ከጤፍ ብቻ አይጀምር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኑሮ ውድነትን በተመለከተ በገጾቻችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች ሳላሳልፍ አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የኩንታል ጤፍና የሊትር ዘይት ዋጋ ነው፤ በዚህ ሁሉ ወጪ የተሸመተው እህል ማታ ገበታ ላይ ምን ሆኖ እንደሚቀርብ ግን እምብዛም ሲጻፍ አላየሁም። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር፣ ከባለቤቴና ከአራት ልጆቼ ጋር በወር ደመወዝ የምተዳደር እናት ስሆን፣ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ስለ እራት ነው።

በእኛ ቤት እንደ አብዛኛው ጎረቤት ሁሉ አስቤዛ የሚገዛው ከጤፍ ተጀምሮ ነበር። ዘይቱ፣ በርበሬውና ሽንኩርቱ ይከተላል፤ ጎመን፣ ካሮትና እንቁላል «ከተረፈ» ይባሉና ሳይገዙ ወሩ ያልቃል። ባለፈው ዓመት አንድ የወር መጨረሻ ላይ ትንሹ ልጄ እንጀራውን በድልህ ብቻ ጥቂት ከጎረሰ በኋላ ምንም ሳይናገር እጁን ታጥቦ ተነሳ። በዚያ ምሽት ጓዳ ውስጥ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ጤፍ ነበር። እህል ሞልቶ ልጅ ሳይጠግብ መተኛቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ከመውጣቴ በፊት የወሩን እራት በደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለስድስት ሰው እራት ግማሽ ኪሎ ምስር ወይም ክክ ይበቃናልና፣ በወር 20 ቀን ጥራጥሬ ብንበላ 10 ኪሎ ያስፈልገናል ማለት ነው፤ ይህንን ከጤፉ ጋር እኩል አስቀድሜ እገዛለሁ። የአትክልቱ ገንዘብ ግን በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ አራት ቦታ ከፍዬ በየሳምንቱ የገበያ ቀን አንዱን እፈታለሁ፤ አለበለዚያ ጎመኑ ይጠወልጋል፣ ገንዘቡም ለሌላ ነገር ይውላል። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው የጤፉን መጠን ቀንሼ ዳጉሳና በቆሎ በመቀላቀል ነው። በእንግዳ ፊት ማኛ ካልቀረበ እናፍራለን፤ ነገር ግን ዳጉሳ ለአጥንት በሚጠቅመው ካልሲየም የበለጸገ እህል ነው፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ሽሮንም ተፈጭቶ የተዘጋጀውን ከመግዛት ይልቅ አተሩንና ሽምብራውን ለቅሜ አስፈጫለሁ፤ በተዘጋጀው ውስጥ ጓያ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ጓያ ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ በጎጃም የማያውቅ የለምና።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከምስር ወጥ ጋር ሲበላ በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት በቀላሉ እንዲደርስ ይረዳል፤ ቡና ደግሞ ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሲጠጣ ሰውነት ከዚያው ብረት የሚያገኘውን ይቀንሳል። ስለዚህ የእራቱን ቡና አንድ ሰዓት ያህል አዘግይተነዋል። እናቴ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን ግን ልጆቹ አጥንተው ሲጨርሱ አብረን ስለምንቀመጥ ወድዳዋለች።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው የሕፃናት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶው 46 ያህሉ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀረ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በጊዜው ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። ጤፍ በሚታፈስበት አገር ይህ መሆኑ ከእህል እጥረት በላይ ሌላ ምክንያት መኖሩን ይናገራል። ከምክንያቶቹ አንዱን በገዛ ሠፈሬ አየዋለሁ፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ «ዕቃው ይነካል» እየተባለ ለሕፃን እንቁላል አይቀቀልም፣ ዶሮ ያለው ሰውም የሰበሰበውን እንቁላል ለገበያ ያወጣዋል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም እንደማይገደድ ግን የነፍስ አባቶቻችን ራሳቸው ይነግሩናል። እኔ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለልጁ ለይቼ ከሌላው ዕቃ ርቃ በምትገኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬአለሁ፤ ጾማችንም አልተነካ፣ ልጁም እንቁላሉን አላጣ። ይህንን ያየች ጎረቤቴም ዘንድሮ እንዲሁ አድርጋለች።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የእህልን ዋጋ ስትዘግቡ የጥራጥሬውን፣ የአትክልቱንና የእንቁላሉን ዋጋ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገበያዎች አብራችሁ ብታወጡልን፣ ሽምብራ ከአውድማ በሚገባበት በጥርና በየካቲት ምን ያህል ገዝተን ማስቀመጥ እንዳለብን ደመወዛችን ሳያልቅ ለመወሰን እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ