ፎቶው ይቅር፣ ሻዩ ይቀጥል

ካልጋሪ፣ ካናዳ

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልለቀቀንም፤ ግን ሥራም ጤናም አለ።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ለፋብሪካ ልጆቹ የምትሰጡት አገልግሎት ስም ይውጣለት፣ ባነር ይሠራለት፣ በፕሮጀክት መልክ ይደራጅ ማለታቸው አልከፋኝም። «እኛ ምን አቅም አለን፣ ሁሉም ከእናንተ ነው» ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በስልክ ተቻኩዬ እንዳላበላሸው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

እታለም፣ ሁሉም ከእኛ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከሲዳማ ገጠር የመጡት ልጆች አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው፣ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ሲያድሩ ያያችኋቸው እናንተ ናችሁ። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ፣ እዚያ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ብዙዎቹ ልጆች ከሥራ ቀሩ። ያን ጊዜ ባነር ነበራችሁ? የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ የሻይ በራድ፣ ዓርብ ዓርብ የሚጾሙ ጥቂት እናቶች፣ በቃ። ልጆቹ የአማርኛውን ስብከት ዝም ብለው እያዳመጡ፣ ከእናቶቹ አንዷ በሲዳምኛ መጸለይ ሲጀምሩ ግን እንባቸውን መቆጣጠር ያቅታቸው ነበር ብለሽኛል። ይህን በምን ዶላር እንግዛው?

ደግሞ የዕድሩን እናቶች አትርሺ። ብርጭቆውንና አግዳሚ ወንበሩን ያዋሷችሁ አብዛኞቹ ቅዱስ ገብርኤል የሚሳለሙ ናቸው። የማን ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው አልጠየቁም። ባነሩ ላይ የእኛ ስም ብቻ ከተጻፈ እነሱ የት ይገባሉ?

የእኛን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እዚህ ያለችን ኅብረት ትንሽ ናት፤ እሑድ ከሰዓት የሌላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው። ለአገልግሎታችሁ የምንልከው መዋጮ ተሰብስቧል። አንድ ወንድም በቅን ልብ ተነሥቶ፣ ልጆቹ ዱቄቱንና ሳሙናውን እንደያዙ ፎቶ ይነሡ፣ ሰጪው አይቶ ይበረታታል አለ። ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ ተቃወምኩ። ያቺ ልጅ እኮ «ሥራ ይዣለሁ» ብላ ነው ከቤቷ የወጣችው። ታናሽ ወንድሟ ስልክ አለው። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ አንድ ሰው ገበያ መሀል ለአባቷ ሲያሳየው አስቢው። እኛ እንድንበረታታ እሷ አንገቷን መድፋት የለባትም። ጌታ ስትመጸውት ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው የተቀባይዋንም ክብር ይጠብቃል፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለውጭ ረጂዎቿ ጽፋ ነበር። ረጂዎቹ ለልማት እጃቸው ይፈታል፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ያጥራል። ሰውን ሥጋ ብቻ፣ ነፍስ ብቻ አድርጋችሁ አትክፈሉት አለቻቸው። ቄስ ጉዲናን በ1971 ደርግ ገደላቸው። ዛሬ ረጂው እኛው፣ ከእናንተው ጓዳ የወጣነው ሆነናል። ፎቶ ላይ ለሚታየው ዱቄት ብቻ እየሰጠን፣ ከታመመች ልጅ ጋር ጤና ጣቢያ ማደሩን፣ ጾም ጸሎቱን ትርፍ ነገር እንዳናስመስልባችሁ እፈራለሁ። አደራ፣ ገንዘባችን አገልግሎቱን እንዳይመራው።

ጌዴዎን 32,000 ሰው ይዞ ተነሥቶ ጌታ 300 ብቻ አስቀረለት። እስራኤል «እጄ አዳነኝ» ብሎ እንዳይታበይ ነው። እናንተም ጥቂት መሆናችሁ ጉድለት አይምሰላችሁ።

በእግዚአብሔር መታመን ሲባል ግን ገንዘቡ ያለ መዝገብ ይውጣ ማለት አይደለም፤ በዚህ እንዳትላሉ። ገቢና ወጪው ደብተር ላይ ይስፈር፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ለምእመኑ ይነበብ። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ሌሎች ወንድሞችም አብረው እንዲሆኑ አድርጓል። ለእኛም የሂሳቡ ግልባጭ ይበቃናል። የልጆቹን ስም አትጻፉበት።

ኅብረቱ በመጨረሻ ተስማምቷል፤ ፎቶ አንጠይቅም። ገንዘቡ በባንክ ይገባል። ቢዘገይ አትጠብቁን፤ የዓርቡ ሻይ እንዳይቋረጥ። ከእኛ ሳንቲም በፊት ጌታ ይህን ሥራ ሲያቆመው አይታችኋል።

ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አንብቢላቸው፤ በአክብሮት ነው የጻፍኩት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ያቺ ሳል የያዛት ልጅ የምርመራ ውጤቷ ምን ሆነ? መድኃኒት ከታዘዘላት ሽማግሌዎቹ እስኪወስኑ አትጠብቂ፤ ቶሎ ደውዪልኝ።

ወንድምሽ