የአዋቂዎች አስም ክብደት ለዘር ብቻ አይሰጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአንዳንድ አዋቂዎች ላይ አስም ለምን እንደሚከብድ በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን ከሞላ ጎደል ለዘር፣ ማለትም ከወላጅ ለሚወረሰው፣ ሰጥቶታል። በዚህ አልስማማም።

ዘር ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነውና ብዙ የተባለለት፣ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የዘረ መል ልዩነት በጥብቅ የተያያዘው በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር ነው፤ በጉልምስና ከሚጀምረው ጋር ያለው ዝምድና የላላ ነው። ጥናቶቹም በአብዛኛው የተሠሩት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ሕሙማን ማምጣት አያስኬድም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «የዘር ነው» የሚለው ቃል የሚያስከትለው ተስፋ መቁረጥ ነው። እናቴ «ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለች፣ ሌሊት ደረቷ ሲታፈን ሰማያዊውን ኢንሄለር ሁለት ጊዜ ስባ ትተኛ ነበር። በማግስቱ ግድግዳው በጠቆረው ማድቤት እንጨት አንድዳ እንጀራ ትጋግራለች። በሰማያዊው ኢንሄለር ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ መቆጣቱን አያበርድም። የሚያበርደው በመደበኛነት የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ እርሱን ለዓመታት ያዘዘላት አልነበረም። ጊና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ከ2019 ወዲህ አዋቂዎችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም።

ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ሳልቡታሞል ሊወስድ የመጣን ሰው በወር ስንት እንደሚጨርስ ይጠይቁ፣ አሳሳቡንም ይዩለት። በካርዱ ላይ ከቤተሰብ ታሪክ ጎን በቤቱ የሚነድደው ማገዶም ይጻፍ።