ማደያውን ከመክሰሳችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ አንባቢ ፒካፑ ነዳጅ እየጠጣ አስቸግሮት ማደያዎች ሊትር እየሰረቁን ነው ብሎ ያማረረውን አነበብኩት፣ መጀመሪያ ሳቅኩ ከዛ ደግሞ አፈርኩ፣ ምክንያቱም እኔም አምና ይሄንኑ ብዬ ከአንድ ነዳጅ ቀጂ ልጅ ጋር ሰው እስኪሰበሰብብን ድረስ ተጨቃጭቄያለሁ። ሰውዬው በመሃል "ጎማ እንኳን በቅርቡ ትልልቅ አድርጌ ቀይሬ" ብሎ ጣል ያደረጋትን ነገር ማንም ልብ ያላት አይመስለኝም፣ እኔ ግን እሷ ላይ ነው የቆምኩት።

እኔ ምይዘው ደብል ጋቢና ቶዮታ ቪጎ ፒካፕ ነው፣ 2.5 ናፍጣ። ከመርካቶ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ የቤት እቃ ሳመላልስ ነው ምውለው፣ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ አዳማ። የድሮ ጎማዬ 265/65/17 ነበር፣ እሱ ሲያልቅ ጎሚስታው "ጋሼ 285/70 የጭቃ ጎማ ይግጠሙበት፣ ግርማ ሞገስ ነው ሚሆንልዎት" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ግርማ ሞገሱ ነው የሳበኝ እንጂ የጭቃ ጎማ ለምኔ ነው? የኮሪደር ልማቱ ካለፈ ወዲህ ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው አስፋልት ላይ ብርጭቆ ውሃ ይዘህ ብትነዳ አይደፋም። ከተማችን ጎማ ቁጠባ ሚባል ሰፈር እያላት እኛ ጎማ ስናሳብጥ እንውላለን። ገጥሞ ሲጨርስ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ይፍቃል፣ እሱ ምንም ሳይመስለው ግራይንደር አምጥቶ ፕላስቲኩን ቆረጠው በቃ።

ከዛ ነዳጁ። ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት በስልክ መክፈል ግዴታ ከሆነ ከ2015 ወዲህ መቼም ሚሴጁ ስልክ ላይ ስለሚቀር የእያንዳንዱን ቀን ብር በዛን ቀን ዋጋ እያካፈልኩ ሊትሩን አወጣለሁ፣ ታንከሩን ሞልቼ ኪሎሜትሩን እጽፋለሁ፣ እንደገና ስሞላ አወዳድራለሁ። ከተማ ውስጥ በሊትር 10 ኪሎሜትር ምትሄድ መኪና 8.2 ገባች። አስቡት፣ 18 ፐርሰንት! እንግዲህ ያኔ ነው ቀጂውን ልጅ "ማሽኑን ነካክታችሁታል" ያልኩት፣ ልጁ ምስኪን "አባቴ፣ በጆግ (በሊትር መለኪያው) እንለካው ካሉ እንለካው" ሲለኝ እንኳን አልሰማሁትም።

ነገሩን የፈታችው የዘጠነኛ ክፍል ልጄ ናት። "አባ ጎማው ከተለቀ እኮ አንድ ዙር ሲዞር ብዙ ነው ሚሄደው፣ መኪናው ግን ይሄን በምን ያውቃል?" አለችኝ። ግቢ ውስጥ ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን መኪናውን በቀስታ ገፋነው፣ አንድ ሙሉ ዙር 2 ሜትር ከ54። መጋዘን የተቀመጡትን አሮጌዎቹን ገጥመን ደግሞ ለካን፣ 2 ሜትር ከ37። 17 ሳንቲም ልዩነት በየዙሩ። መኪናው ኪሎሜትር ሚቆጥረው በዙር ስለሆነ አዲሱ ጎማ 107 ኪሎሜትር ሲሄድ ዳሽቦርዱ 100 ሄድክ ነው ሚለኝ። በወረቀትም ይወጣል፣ ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ቀጥሎ የግድግዳው ቁመት ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ መጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው፣ ከዛ ተሰልቶ የጎማው ሙሉ ቁመት የድሮው 776 ሚሊሜትር አካባቢ የአሁኑ 831 አካባቢ ይመጣል፣ ያው 7 ፐርሰንት።

ስለዚህ 8.2 ያልኩት ውሸት ነበር ማለት ነው፣ ሲስተካከል 8.8 ገደማ ነው። ከጠፋብኝ 18 ፐርሰንት ውስጥ 6ቱን የበላው ማደያም ሞተርም አይደለም፣ ቆጣሪው ነው። የቀረው 12 ግን እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ እሱን ማንም አያስተባብለውም።

ለምን ቢባል ጎሚስታው ጓሮ ባለች ሚዛን አሮጌው ጎማ 16 ኪሎ አዲሱ 24 ኪሎ መዘነ። በአራቱ 32 ኪሎ፣ አንድ ልጅ ልጭን ነው እንዴ ትሉ ይሆናል፣ ግን ይሄ ኪሎ ሚዞር ኪሎ ነው፣ ያውም ዳር ላይ፣ በተነሳህ ቁጥር እሱንም ማሽከርከር አለብህ፣ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ደግሞ ያንን ሁሉ ጉልበት አቃጥለህ ትጥለዋለህ። ከሜክሲኮ ለገሃር ስንቴ ነው ሚቆመው? ሌላው ማርሹ ነው፣ ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ በዛው ልክ ይከብዳል፣ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን በሁለት ማርሽ ስወጣ የነበርኩት ሰውዬ ጭነት ካለኝ አንድ ማርሽ ውስጥ ነው ምገባው፣ አንዴማ መብራት ላይ ቆሜ ስነሳ ፍሪሲዮኑ ሸተተኝ። የጭቃ ጎማው ትልልቅ ጥርስ ደግሞ አስፋልት ላይ እየተጣጠፈ ጉልበት ይበላል፣ ድምፁን ተዉት።

የጎማውን ንፋስም አትርሱ። ጎሚስታዎቻችን በመዶሻ ጠቅ አድርገው "ሙሉ ነው" ይላሉ፣ እኔ ጌጅ ገዝቼ ስለካ የኋላው ግራ 24 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነው ያለው፣ ሌሎቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። በአማካይ 1 ፒኤስአይ ከአራቱም ሲጎድል ነዳጅ 0.2 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ ትንሽ ነው፣ ግን 8 እና 9 ሲጎድል ያው ትደምሩታላችሁ።

አዳማ መንገድ ላይ ጥሩ ይሆናል ሚሉ አሉ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ማርሹ ስለሚረዝም ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል ይላሉ፣ መዞሩስ እውነት ነው። ግን መኪናዋ ወደ ሁለት ተኩል ሳንቲም ከፍ ብላለች፣ ጎማውም ሰፍቷል፣ 100 ላይ ንፋሱ ይገፋሃል። በኔ መኪና ድሮ ደርሶ መልስ በሊትር 11 ነበር አሁን ከነማስተካከያው 10 አካባቢ። ደርሶ መልስ ያልኩት አውቄ ነው፣ አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል መሄጃውን ብቻ ለክቶ "ትልቅ ጎማ ነዳጅ ቆጠበልኝ" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልቁለቱ ነው የቆጠበለት።

የፍጥነቱ ነገር ግን አስቆኛል። ድሮ ዳሽቦርዱ 80 ሲል ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ 76 ነበር ሚለው፣ ፋብሪካዎቹ ፍጥነቱን (ኪሎሜትር ቆጣሪውን ሳይሆን) ሆን ብለው ትንሽ አብልጠው ነው ሚያሳዩት፣ አሁን 80 ሲል ስልኩ 81 ይላል። እና "ጂፒኤስ ጋር ገጠመ፣ ጎማው ልክ ነው" ያለኝ ጓደኛ አለኝ፣ ፍጥነቱ ገጠመ ማለት ኪሎሜትሩ ገጠመ ማለት እንዳልሆነ ላስረዳው አንድ ማኪያቶ ሙሉ ፈጀብኝ፣ አሁንም ያመነኝ አይመስለኝም።

ለጻፈው ወንድሜ እንግዲህ፣ ጎማህ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን የፋብሪካውን የጎማ ቁጥር አስተያይ፣ የምትቆጥረውን ኪሎሜትር አስተካክል፣ ንፋስህን በጌጅ አስለካ፣ ከዛ በኋላም ሊትሩ አልመጣ ካለህ ያኔ ማደያው ጋር ሂድና በጆግ ይለካልኝ በል፣ መብትህ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ነው ይዘን ምናረጀው።

እኔ አሮጌዎቹን መልሼ እንዳልገጥማቸው ጥርሳቸው አልቋል፣ ስለዚህ በዛው ሳይዝ አዲስ እያፈላለግኩ ነው፣ 285ቱን ለገጠር ሰው እሸጣቸዋለሁ። ቀጂውን ልጅ ይቅርታ ልለው ሁለቴ ሄጄ ነበር፣ ሌላ ማደያ ተቀይሯል አሉኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ