ባለጌ ከማለታችሁ በፊት እንቅልፏን ጠይቁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አእምሮ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን በሹክሹክታ የምናወራውን፣ ሕመሙ የወሲብ ፍላጎትን ሲያንር የሚመጣውን ጉዳይ ግን አልነካችሁትም።

እህቴ ባይፖላር አለባት፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚንርበት፣ አንዴ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመሙ ሲነሳባት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። በዚያ በሐምሌ ብርድ ሌሊት ተነስታ ጋቢ ታጥባለች። ወሬዋ አያባራም፤ ብሯን ላገኘችው ሁሉ ትበትናለች። የወሲብ ፍላጎቷም አብሮ ይንራል፤ በደህናዋ ጊዜ ቀና ብላ የማታየውን ወንድ ተከትላ ትሄዳለች። መታመሟን እያወቁ የሚወስዷት አሉ። ሰፈሩ ግን «ባለጌ» የሚለው እሷን ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ እንቅልፏ ነበር፤ እንቅልፍ ማጣቱ የሕመሙ ምልክት ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ የወሲብ ስሜትን መግታት አለመቻል ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ለወራት ይዘልቃል። በማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ በሚንርበት) ጊዜ ብቻ የሚመጣው ግን የባይፖላሩ ምልክት ነው፤ ማኒያው ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። እንደ ሊትየም ያለ መድኃኒት ይረዳል፤ ደም፣ ኩላሊትና ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ እየታየ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መሄዱን አልቃወምም፤ እናታችን ትወስዳታለች። ኪኒኑ ግን አይቋረጥ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከተሻላት በኋላ ያለው ነው። ያደረገችው ትዝ ይላታል። አፍራ ከቤት አትወጣም፤ ራሷን እንዳትጎዳ የምንሰጋው ያኔ ነው። ለኤችአይቪና ለእርግዝና ምርመራ እንኳ ለምነን ነው የምንወስዳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህን በግልጽ ያንሱልን። እናንተም አንድ የአእምሮ ሐኪም ጋብዛችሁ አስጽፉልን፣ እባካችሁ።

የታማሚ እህት፣ ከደብረ ብርሃን