ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ዕቃው መጥቷል፣ የሚጠግነው ሰው ይምጣልን

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ክፍል ገብቼ ፕሮጀክተሩን ሳበራው ምስሉ ቢጫ ሆነ። ገመዱ ላልቷል። አንድ ተማሪ ተነሳና ወረቀት አጥፎ መሰኪያው ሥር ወሸቀ፤ በእጁም ደግፎ ያዘው። ሲይዘው ይስተካከላል፣ ሲለቀው ይጠፋል። ልጁ ማስታወሻ ሳይጽፍ ሃያ ደቂቃ ያህል ገመድ ይዞ ቆመ። አላስቻለኝም። አጥፍቼው በጠመኔ ቀጠልኩ።

የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ከሞላን ቆይተናል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ፈርሞበት፣ ዲኑ ማኅተም አስመትቶበት ወደ አይሲቲ ዳይሬክቶሬት ሄዷል። ቴክኒሻኑ የመጣው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እሱን አልወቅሰውም። ለግቢው ሁሉ ያሉት እሱና አንድ ባልደረባው ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ጎበዝ ልጅ ነበር፤ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ባንክ ገባ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱት በኮምፒውተር ነው። ፈተናው ሲቃረብ ግቢው ይነቃል። የኮምፒውተር ላቦራቶሪው (ላቡ) ይጸዳል፣ የተበላሸው ይጠገናል፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ይገዛለታል፣ ቴክኒሻኖቹ እዚያው ያድራሉ። ሲፈለግ እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። ፈተናው ባለቀ ማግስት ግን ላቡ ይቆለፋል። እኛ ጋ ከገጠር የመጣ ተማሪ ማውዝ በወጉ የሚይዘው ለፈተናው ሰሞን ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ኢንተርኔቱም ቢሆን እንደዚያው ነው። በእናንተው ሥር ያለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ እስከ ግቢያችን ደርሷል። የሚያስቸግረን ከሰርቨር ክፍሉ እስከ ቢሯችን ያለችው አጭር መንገድ ናት። ኔትወርኩን ለየቢሮው የሚያከፋፍለው አንድ ስዊች ከተቃጠለ ፎቁ በሙሉ ይቋረጣል፤ ግዥው እስኪያልቅ ደግሞ ወራት ያልፋሉ።

የማስተርስ ተማሪዎቻችን ዳታ የሚተነትኑት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚገለበጥ፣ ፈቃድ በሌለው ኤስፒኤስኤስ በተባለ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ቫይረስ አብሮት ይገባል። አንዷ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏ ፋይል ተበላሽቶባት ቢሮዬ መጥታ ስታለቅስ የምላት ጠፋኝ። ያንኑ ሥራ የሚሠራው አር የተባለው ሶፍትዌር እኮ በነጻ ይገኛል። የጎደለን ቁጭ ብሎ የሚያሠለጥነን ሰው ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ላኩልን አልልም። በየኮሌጁ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ቴክኒሻን መድቡልን፤ እንዳይሸሽም ደመወዙ ይታይለት። ዲኑ ለገመድ፣ ለአምፖልና ለስዊች ረጅሙን የግዥ ሰልፍ ሳይጠብቅ የሚያወጣው ትንሽ የጥገና በጀት ይፈቀድለት። የፈተናው ላብም ዓመቱን ሙሉ ለተማሪ ክፍት ይሁን።

የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሳይዘጋ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር