ከሞኒተሩ በፊት ግራፊክስ ካርዱ ይጠየቅ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ጌም ሞኒተር የወጣው ጽሑፍ «አቅም የፈቀደውን ትልቁን ሪዞሉሽን ግዙ» ይላል። ምክሩ ለፊልም ይሠራ ይሆናል፤ ለጌም ግን ሰውን ያሳስታል።

ነገሩ የፒክስል ሒሳብ ነው፤ ሪዞሉሽን ማለት ስክሪኑ በወርድና በቁመት የያዛቸው ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2.07 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ 2560 በ1440 የሆነው 3.69 ሚሊዮን፤ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ 8.29 ሚሊዮን፣ ማለትም የመጀመሪያውን አራት እጥፍ። ግራፊክስ ካርዱ ይህን ሁሉ በየፍሬሙ፣ ማለትም ተከታትለው በሚታዩት ምስሎች በእያንዳንዱ፣ አዲስ አድርጎ ይሥላል። በ1080 (ሪዞሉሽን በአጭሩ የሚጠራው በቁመቱ ቁጥር ነው) በሰከንድ 90 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ፎርኬ ላይ ወደ 30ዎቹ ቢወርድ አይግረማችሁ።

ደግነቱ ሳይገዙ መሞከር ይቻላል። አሁን ያላችሁ ሞኒተር 1080 ከሆነ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ዲኤስአር የሚለውን (ካርዱ ከስክሪኑ በላይ በሆነ ሪዞሉሽን እንዲሥል የሚያደርገውን) ክፈቱና የፒክስሉን ብዛት የሚያባዙትን 1.78 እና 4.00ን ምረጡ። የመጀመሪያው 1440፣ ሁለተኛው ፎርኬ ነው። በኤኤምዲ ካርድ ቨርቹዋል ሱፐር ሪዞሉሽን ይባላል። አዲሶቹ ቁጥሮች በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ጭስና ፍንዳታ የበዛበትን፣ ካርዱን የሚያስጨንቀውን ቦታ አሥር ደቂቃ ተጫውታችሁ የፍሬሙን ቁጥር እዩ። አዲሱ ሞኒተር ላይ የሚጠብቃችሁ ከዚህ እምብዛም አይለይም።

ሪዞሉሽን ያለ ስክሪን መጠን ትርጉም የለውም። 24 ኢንች በ1080 በአንድ ኢንች 92 ፒክስል ይይዛል፤ ያው 1080 በ27 ኢንች ሲሆን ወደ 82 ይወርድና የፊደላቱ ጠርዝ እንደ መሰላል ይደረደራል። 27 ኢንች በ1440 ግን 109 ነው። 32 ኢንች በ1440 ተመልሶ 92 ስለሚሆን ስክሪኑ ገዘፈ እንጂ አልጠራም።

«ፎርኬ ልግዛ፤ ከከበደኝ ወደ 1440 አወርደዋለሁ» የሚሉም አሉ። 2160 ለ1440 ሲካፈል 1.5 ነው፤ አንዱን ፒክስል በአንድ ተኩል ፒክስል ማሳየት ስለማይቻል ምስሉ ይደበዝዛል። ሪዞሉሽኑን ሳይነኩ ጌሙን ባነሰ ሪዞሉሽን ሥለው ወደ ስክሪኑ ሪዞሉሽን የሚያሳድጉትን ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር ማብራት ይሻላል፤ ጽሑፉና ካርታው ጥርት እንዳሉ ይቀራሉ።

ወደ ስክሪኑ ቅርጽ ስንመጣ፣ 34 ኢንች 21 ለ9 (ወርድ ለቁመት) ሞኒተር ቁመቱ ከ27 ኢንች 16 ለ9 ጋር እኩል ነው፤ የሚጨምረው ወርድ ብቻ ነው። 3440 በ1440 ከ2560 በ1440 ይልቅ 34 በመቶ ተጨማሪ ፒክስል ያሠራል። ለመኪና ውድድርና ለበረራ ግሩም ነው። ሆኖም ኤልደን ሪንግን የመሰሉ ጌሞች ግራና ቀኙን ጥቁር አድርገው ይተዉታል፤ የምትወዱት ጌም ይደግፈው እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በተቃራኒው ካውንተር ስትራይክን በ4 ለ3 ለጥጠው የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ጠላት ሰፍቶ ይታያል፤ ግን በዚያው ልክ ፈጥኖ ያልፋል፣ እይታውም ከ106 ዲግሪ ወደ 90 ስለሚጠብ ከጎን የሚመጣው አይታይም።

በመጨረሻ፣ 144 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ፣ ሞኒተር ገዝተው በ60 የሚጫወቱ አሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ ላያስተካክለው ይችላል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ቁጥሩን ቀይሩ። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉን ተጠራጠሩ፤ የቆየ ኤችዲኤምአይ ከሆነ በዲስፕሌይ ፖርት ተኩት።

ከአንባቢያችሁ