የሐይቅ ዳር ግንባታ ስለማቆማችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት «የሐይቅ ዳር ሥራ አቁመናል» የሚል አጭር ቴክስት ልከንላችሁ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ነው የሚነገረው። ለዚያ ይቅርታ። ስለ ውሳኔው ግን ላስረዳ።

ሐዋሳ ላይ ቤት መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ጀመርኩ፤ ከዚያ ግንበኛ፣ ከዚያ ፎርማን። የብዙዎቻችሁን የወላጆቻችሁን አጥር ያጠርኩት እኔ ነኝ። «ቀብዳችንን በልቶ ሊጠፋ ነው» መባሉን ስሰማ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥር ላይ ለአንድ ደንበኛችን ፋውንዴሽን ስንቆፍር ሜትር ተኩል እንኳ ሳንደርስ አፈሩ ጠቆረ፣ ረጠበ። በማግስቱ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቶ፣ የላስቲክ ባልዲያችን ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ አገኘነው። ፎርማናችን ጎንበስ ብሎ አሸተተና ዝም አለ። የጎረቤት ሽንት ቤት ፍሳሽ ነበር። በፓምፕ ብናወጣው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሞላ። እዚያ የእናንተን ሰፕቲክ ታንክ ብቀብር የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም። አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ዓሣ እኮ ከዚሁ ሐይቅ ነው የሚወጣው።

የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ክረምቱ ሲከብድ ውሃው ከፍ ይላል፣ ወደ ዳርም ይሰፋል። አመሻሽ ላይ የምንሸራሸርበት ግድብ ለሽርሽር የተሠራ ይመስለናል እንጂ የተሠራው ውሃው ከተማ እንዳይገባ ነው።

«ሕጉ አሁን የመጣ ነው» ያላችሁኝም አላችሁ። አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የወጣው በ1992 ነው። የውሃ ዳርቻ እንዲከለል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። ለዓመታት ብዙዎቻችን ሳናነሳው ኖርን። እኔም ሐይቅ ዳር ሠርቻለሁ፣ አልክድም። ደላላው «ካርታው እየመጣ ነው» ሲል አምኛለሁ። ካርታ ቢመጣስ? የግንባታ ፈቃድ ሌላ ነገር ነው። እኔማ አርማታውን ሞልቼ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ መሄድ እችላለሁ። አፍራሽ ሲመጣ በር ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ይሄ ለእኛም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የፌሮ ዋጋ ጠዋት ጠይቀን ከሰዓት አናገኘውም። አራት ሳይት ዘግቼ 23 ሠራተኛ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንዱንም አላሰናበትኩም።

ቀብዳችሁን በአንድ ወር ውስጥ እንመልሳለን። የምንቀንሰው የዲዛይንና የቁፋሮ ወጪ ብቻ ነው፤ ደረሰኙም አለ። ከግድቡ ወዲህ፣ ወደ ከተማው በኩል፣ ፈቃድ ያለው ቦታ ላላችሁ ደግሞ በአምናው የእጅ ዋጋ እንሠራለን። አያተርፈኝም፤ ግን አብረን የቆየን ሰዎች ነን።

ጉድጓዱን አልደፈንኩትም። ቅዳሜ ጠዋት ሳይቱ ላይ ነኝ፣ መጥታችሁ እዩት። አሜሪካ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ በቪዲዮ አሳያችኋለሁ። ሽታው ብቻ ይቀርባችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት